በዘር ገብስ የተገዛ ቴፕ

የተበላሸ ዕቃ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማዘጋጀው ካቻቢቴ አይደለም፤ ምላሴን ነው። ይህን ስናገር የሚስቁብኝ አሉ። ይሳቁ። ሰቆጣ ገበያ በረንዳ ላይ ራዲዮና ቴፕ ስጠግን ዕድሜዬ አልቋል። ከእኔ በኋላ መለኪያቸውን አንጠልጥለው የመጡት ጠጋኞች አንድ በአንድ ከስረው ሲሄዱ እኔ እዚያው ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ከአፋር በኩል የሚመጣው አሞሌ ጨው በግመልና በአህያ ተጭኖ፣ አበርገሌን አቋርጦ ወደ እኛ ገበያ ይወጣ ነበር። ነጋዴው ታዲያ ጨው ብቻ ጭኖ አይመጣም። መንገድ ላይ በርካሽ ያገኘውን ሁሉ፣ ጨርቁንም ፔርሙሱንም ራዲዮኑንም ከጨው ጋር አንድ ላይ ጠፍሮ ያስረዋል። ግመሉ ያልበዋል፣ ጨው ይረጥባል፣ እርጥበቱ ራዲዮኑ ሆድ ውስጥ ይገባል። ከላይ ሲያዩት የሚያምር ዕቃ ውስጡ መዳቡ አረንጓዴ ሆኖ ተበልቶ ይገኛል።

ሙያውን ያስተማረኝ ከጦር የተመለሰ የመገናኛ ወታደር ነበር። ሁለት ሕግ ሰጥቶኝ ወደ አገሩ ሄደ። አንደኛው፣ «የወደቀ ዕቃ ግዛ፤ ጨው የበላውን ግን በነጻ ቢሰጡህም እንዳትቀበል» የሚል ነበር። የወደቀ ዕቃ ሽቦው ቢላቀቅ፣ ሽፋኑ ቢሰነጠቅ ነው፤ ይመለሳል። ጨው የበላው ግን ዛሬ እዚህ ብትበይደው ነገ እዚያ ይበጠሳል። ሁለተኛው ሕግ፣ «ኤሌክትሪክ ባለበት ውሃ እንዳይደርስ» የሚል ነው። ጨው መኖሩን የምናውቀው ደግሞ በጣት ነበር። ጣትህን በንጹሕ ውሃ ትታጠባለህ፣ በዕቃው ቀዳዳ ታስገባለህ፣ መዳብ የተነጠፈበትን የውስጥ ሰሌዳ አሽተህ ጣትህን ትልሳለህ። በቃ።

በጾም ጊዜ ብቻ ይህ ነገር ያስቸግር ነበር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ጨው ላሰ ማለት ጾሙን ገደፈ ማለት ነው። እንዲህ ሲያጋጥመኝ የሚልስልኝ ጎረቤቴ የነበረው ሙስሊም ልብስ ሰፊ ነበር። «ያንተን ጾም እኔ ልብላልህ እንጂ» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። ይህን የምነግራችሁ እሱ ባልነበረበት አንድ ቀን የሆነውን ለማውራት ነው።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ያለፈው ዓመት አዝመራ ደካማ ስለነበር ገበሬው ራዲዮኑን ከማስጠገን ይልቅ ሸጦት እህል ይገዛበታል። እኔ በረንዳዬ ላይ ዝንብ አባርራለሁ። ለገና ገጠር እናቴ ዘንድ የሄድኩ ጊዜ ንዴቴን መዋጥ አቅቶኝ፣ «ሰኔ ሲገባ ሁመራ እወርዳለሁ» አልኳት። እናቴ ተነስታ አህያዋን ለማየት ወጣች፤ አህያዋ ግን ታስራ ከፊታችን ቆማ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ከአራት ዓመት በፊት ሁመራ ሰሊጥ ሊያጭድ ወርዶ ወባ በልቶት ቀርቷል። አብሮት የሄደ የሰፈራችን ሰው ጋቢውን አጥፎ አመጣልን፤ የመጣልን እሱ ብቻ ነው። ጋቢው ከመደቡ በላይ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር። ከሥሩ ተቀምጬ ነው ሁመራ ያልኩት። እኔ ስናደድ አፌ ከልቤ ይቀድማል፤ እስከ ዛሬም አልተሻለኝም።

ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት አንድ የጨው ነጋዴ ባለ ሁለት ካሴት ትልቅ ቴፕ እንዳለው ነገረኝ። ተበላሽቷል፤ በሚቀጥለው ገበያ ይዞት ይመጣል። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከፋሲካ በኋላ ሰርግ ነው። ትልቅ ቴፕ ያለው ሰው ከሰርግ ሰርግ እያከራየ ይከርማል፤ በሁለተኛው ካሴት መዝሙር እያባዛ ይሸጣል። ይህ ዕቃ ከተሠራ ከተማ እቀራለሁ፤ ካልሆነ ደግሞ ሁመራ። ነገር ግን ነጋዴው በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በእህል እለውጣለሁ ብሏል፣ እኔ ደግሞ ገንዘብም እህልም የለኝም።

እሑድ ዕለት የግማሽ ቀን መንገድ ሄጄ ለእናቴ ነገርኳት። ሰምታኝ እንዝርቷን አስቀመጠች፣ አነሳች፣ ደግማ አስቀመጠች።

«ዘሩ አለ» አለች በመጨረሻ።

አባቴ ከሞተ በኋላ መሬታችንን ለእኩል አራሽ ነበር የምንሰጠው፤ ውላችን ደግሞ ዘሩ ከእኛ ነው። ያ ገብስ ለብቻው ትንሽ ጎታ ውስጥ ይቀመጣል፤ ነቀዝ እንዳይበላው በአመድ ይታሻል። እናቴ በዚያ በክፉው ዘመን እንኳ ዘር አልበላችም። ቅጠል ስትቀቅል ጎታው እዚያው ጥግ ቆሞ ነበር። በሰኔ ዘር የሌለው ሰው መሬቱ ጦም ያድራል፤ መሬቱ ጦም ያደረ ሰው ደግሞ የሚቀጥለውን ዓመት ደጅ ሲጠና ይከርማል። ይህን ሁሉ እያወቅኩ፣ «በሰኔ እመልሰዋለሁ፤ ስመለስ በአመድ አሽቼ አመጣዋለሁ» አልኳት። እሺ አለች።

በገበያው ቀን ጆንያውን በአህያ ጭና ሌሊት ተነስታ በሦስት ሰዓት በረንዳዬ ደረሰች። ነጋዴውም መጣ። በአበርገሌ በኩል የሚመላለስ፣ ጢሙ መሸበት የጀመረ፣ አማርኛው ውስጥ ትግርኛ የሚቀላቅል ሰው ነው። ቴፑን ከበርኖሱ ውስጥ አውጥቶ አስቀመጠው። ለምን ያህል ጊዜ አፍጥጬ እንዳየሁት አላውቅም። ጀርባው ላይ ሁለት ጣት የሚያሳልፍ ስንጥቅ አለ፤ በስንጥቁ ውስጥ የሰሌዳው ጫፍ ይታያል። መክፈት አይቻልም፤ «ከፍተህ ከተውከው ማን ይገዛኛል?» አለ። እውነቱን ነው፤ የተከፈተ ዕቃ ማንም አይነካም።

«ምን ሆኖ ነው የተበላሸው?» አልኩት።

«ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ከግመል ነው የወደቀ። ሓቂ! ጨው አልነካውም።»

ስለ ጨው ማን ጠየቀው? ይህን ያኔ ማሰብ ነበረብኝ። አስቤዋለሁም፤ አስቤ ግን ቶሎ ብዬ ከአእምሮዬ አባረርኩት።

ሰውየው እጁን ጆንያው ውስጥ ሰድዶ ገብሱን ዘገነ። እጁ አመድ ለብሶ ወጣ። እጁን ተመለከተ፤ ከዚያ እናቴን።

«ይሄ ዘር ነው እንዴ?»

«የኔ ነው» አለች እናቴ። «አንተ ገብሱን እይ።»

ዓይኑን ከእሷ ሰበረ። ዞር ብሎ የግመሉን ገመድ ማጥበቅ ጀመረ፤ ገመዱ ግን ጠብቆ ነበር። ጓደኞቹ ከታች እየጫኑ ነው። በስድስት ሰዓት ይነሳሉ፤ ከዚያ ካለፉ ቆላ ሳይደርሱ ይመሽባቸዋል። ከማዶ ደግሞ የጠጅ ቤቱ ባለቤት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል። እኔ ከተውኩት እሱ ይወስደዋል፤ ያስጠግነዋል፤ ምናልባትም እኔኑ ያሠራኛል። 

ልብስ ሰፊው ክር ሊገዛ ወልዲያ ሄዷል። ስለዚህ ራሴ ጣቴን ታጠብኩ፣ በስንጥቁ አስገባሁ፣ ሰሌዳውን አሸሁ፣ አወጣሁት። ጣቴ ጫፍ ላይ ትንሽ ነጣ ያለ አቧራ አለ። አቧራ ሊሆን ይችላል፤ ሌላም ሊሆን ይችላል። ጣቴን ወደ አፌ አስጠጋሁና እዚያው ቆምኩ። ሰዓቱ አራት ከሩብ ነበር።

እናቴ በአገውኛችን፣ ነጋዴው በማይሰማው ቋንቋ፣ «ላሰው» አለችኝ። «ኃጢአቱ በኔ ይሁን።»

«በዐቢይ ጾም ጨው አልቀምስም!» አልኩ፤ በአማርኛ፣ ገበያው ሁሉ እንዲሰማኝ ጮክ ብዬ። ጣቴን በሱሪዬ ጠረግሁት።

እውነቱን ልናገር። እግዜርን ፈርቼ አልነበረም። ያን ጾም ራሱ በጠዋት ተደብቄ የበላሁባቸው ቀናት አሉ። ጣቴን ያልላስኩት መልሱን ስለፈራሁ ነው። ቴፑን ከመፈለጌ የተነሳ ማወቅ አልፈለግሁም፤ ጾሜን ደግሞ ጥሩ መሸፈኛ አድርጌ ያዝኳት። ይህን ለማመን ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

እናቴ ትንሽ አየችኝ። ከዚያ ከማድጋዬ ውሃ ቀድታ ጣቷን ታጠበች፤ ነጠላዋን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ ቴፑን ወደ ጉልበቷ ሳበችው። «እማዬ፣ ተይ» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። የመጀመሪያ ልጇን ካጣች ወዲህ ረቡዕና ዓርብን እንኳ አጓድላ የማታውቅ ሴት፣ እኔ ፊት፣ ቀጭን ጣቷን በስንጥቁ አስገባች፤ አሸች፤ አውጥታ ላሰችው።

ፊቷን አየሁ። የጠጅ ቤቱም ሰው ያያል። ነጋዴው ብቻ ግመሉን ያያል። ፊቷ ምንም አልተለወጠም። አንዴ ምራቋን ዋጠች።

«የለውም» አለችኝ በአገውኛ።

ሁለተኛ አልጠየቅኳትም። «ገዝቻለሁ!» ብዬ ተነሳሁ። ነጋዴው ገብሱን ወደ ራሱ ጆንያ ገለበጠው። ስንጣደፍ ጥቂቱ መሬት ላይ ፈሰሰ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ፣ የቸኮልኩት እኔ፣ የለቀመችው ግን እናቴ። ጎንበስ ብላ ፍሬ በፍሬ ለቅማ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ባዶ ጆንያዋን አራግፋ አጥፋ፣ አህያዋን እየነዳች ሄደች። ቁርስም ምሳም የለ፤ ጾም ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተሰማ። እህል ውሃ ሳልል ካቻቢቴዬን አነሳሁ። ስድስቱን ብሎን ፈትቼ ሽፋኑን ሳነሳ ከታች በኩል መዳቡ ላይ አረንጓዴ ቅርፊት አየሁ። አሁንም ማመን አልፈለግሁም። ጣቴን አስነክቼ ላስኩት። ጨው ነበር፤ የአሞሌ ጨው፣ ምላስ የሚቆነጥጥ። ያን ቀን ጾሜን የፈታሁበት እሱ ነው።

በመጀመሪያ ነጋዴውን ሰደብኩ። ቀጥዬ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እናቴን በልቤ ወቀስኳት። አርጅታለች፣ ምላሷ ደንዝዟል፣ ምን ቀን ነው እሷን ያመንኳት አልኩ። ራሴን ለመውቀስ ተራ የደረሰው ምሽት ላይ ነው። በሰኔ ባዶ ጎታ ከፍታ ስታይ ታየኝ። ሳልነግራት በዚያው ሳምንት ሁመራ ልጥፋ ብዬም ነበር፤ ልብሴን እስከመጠቅለል ደርሻለሁ።

ወታደሩ ቢኖር ጣለው ይለኝ ነበር። በነጻ እንኳ አትቀበል ያለኝን ዕቃ ግን በእናቴ ማሳ ነው የገዛሁት፤ እንዴት ብዬ እጥለዋለሁ? ሦስት ቀን አፍጥጬበት ዋልኩ። በአራተኛው ቀን ሁለተኛውንም ሕግ ጣስኩ። ጨው በውሃ ይሟሟል፤ ይህን ለማወቅ መገናኛ ወታደር መሆን አያስፈልግም። ሰሌዳውን ነቅዬ አፍልቼ ያቀዘቀዝኩት ውሃ ውስጥ ነከርኩት።  በጥርስ ብሩሽ ፈተግሁት፤ ውሃውን እንዲያስወጣልኝ ደግሞ በአረቄ አጠብኩት፣ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፣ ላስኩት። አሁንም ጨው። ደገምኩት። ሰለስኩት።

አረቄ የምትሸጠው ጎረቤቴ፣ «በዐቢይ ጾም ምነው እንዲህ አበዛኸው?» አለችኝ።

«ለበሽተኛ ነው።»

«በሽተኛውን አይተነዋል፤ በረንዳ ላይ ይቀመጣል» ብላ ሳቀችብኝ። እኔ አልሳቅሁም።

ለፋሲካ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። ቴፑ ገና አልነቃም። «እየተሠራ ነው» አልኳት፤ ዓይኗን ማየት አቅቶኝ ዶሮዋን አመሰገንኩ። ስትነሳ ስትቀመጥ ጉልበቷን ትይዛለች፤ አብጦ ነበር። «የስቅለትን ስግደት አበዛሽው፤ አርጅተሻል እኮ» ብዬ ተቆጣኋት።

«አዎ፣ አበዛሁት» አለች።

በተበላው መዳብ ምትክ ከሞቱ ራዲዮኖች የነቀልኩትን ቀጭን ሽቦ እያገናኘሁ፣ በዳግማይ ትንሣኤ ሳምንት የመኪና ባትሪ ተውሼ ሞከርኩት። ገመዱን ሳገናኝ ዓይኔን ጨፍኛለሁ። ምንም የለም። አንዱን ሽቦ ነካ አደረግሁት፤ እንደገና ምንም። በሦስተኛው ከግራው ድምፅ ማውጫ ሽ... የሚል ተሰማ። ካሴት ስከትበት ዘፈነ። ቀኙ ሞቷል፤ ሁለተኛው ካሴትም አይቀዳም፤ ስለዚህ መዝሙር ማባዛት የሚባል ነገር የለም። ግራው ግን ይዘፍናል። እዚያው በረንዳዬ ላይ ሰው እያየኝ አለቀስኩ።

ግንቦትን በሙሉ ይዤው ከሰርግ ሰርግ ዞርኩ። ሰው «አንድ ጆሮው» ብሎ ስም አወጣለት። አንድም ሰርግ ላይ በሰላም አልተቀመጥኩም፤ ሰው ሲጨፍር እኔ እጄን ቴፑ ጀርባ ላይ አድርጌ ሙቀቱን እጠብቃለሁ። አንዴ ሙሽራዋ ልትወጣ ስትል ቀጥ አለ። ሚዜዎቹ እየጮኹብኝ፣ ላቤ ሰሌዳው ላይ እንዳይንጠባጠብ ግንባሬን በክንዴ እየጠረግሁ በየድኩት። ላቤም ጨው ነው፤ ያን ሰዓት ይህንንም ፈርቻለሁ።

ሰኔ ሲገባ ከዚያ ሁሉ ልፋት ያገኘሁት ግማሽ ጆንያ ገብስ ነበር። በአመድ አሽቼ፣ ተሸክሜው ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የምለውን ስለማመድ ነበር። ስደርስ ግን ሁሉም ጠፋኝና ጆንያውን ደጃፍ ላይ አውርጄ፣ «ግማሽ ነው» አልኩ። «እማዬ፣ ቴፑ ጨው ነበረው። ደበቅኩሽ።»

«አውቃለሁ» አለች።

«ማን ነገረሽ?»

«ማን ይነግረኛል? እኔ አይደለሁም እንዴ የላስኩት?» ገብሱን በእጇ እየዘገነች ፍሬውን ታየዋለች። «ጨው ነበረው። አፌን አቃጥሎኛል።»

 ስንት ወር በልቤ የወቀስኩት ምላስ ነው። «ታዲያ ለምን የለውም አልሽኝ? ዘርሽ እኮ ነው!» ብዬ ጮህኩባት። አሁንም አፌ ቀደመኝ።

እናቴ ግን ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ጾሜን ገደፍኩ፣ ዋሸሁም። ሁለቱንም ለነፍስ አባቴ ነግሬ ቀኖናዬን ሰግጃለሁ» አለች፤ ያኔ ነው ያበጠው ጉልበቷ የገባኝ። «አለው ብልህ ቴፑን ትተህ ትነሳ ነበር። ከዚያስ? ፊትህን አይቼዋለሁ። ከዚያ በረንዳ የምትነሳው ወዴት እንደነበር አላውቅም እንዴ?»

ቀና ብላ ግድግዳውን አላየችም። እኔ ግን አየሁት፤ የወንድሜ ጋቢ እንደተሰቀለ ነው።

የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። በዚያ ገበያ ቀን ፍሬ በፍሬ ከመሬት የለቀመችውን ገብስ አውጥታ እኔ ባመጣሁት ላይ ጨመረችው። ከሦስት ቀን በኋላ አራሹ መጥቶ ዘራነው፤ ዘሩ መሐል ላይ አለቀ። ያን ክረምት ከማሳችን ግማሹ በቀለ፣ ግማሹ ጦም አደረ። እኔ ሁመራ አልወረድኩም።